ውኃ ከመግባቷ በፊት

የዋና አሠልጣኙ ብዙ ነገር ይታገሣል። ውኃ ፈርቶ የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ የሚይዝ ልጅ ይታገሣል፤ ፊሽካ እየሰማ እንዳልሰማ የሚሆነውንም ይታገሣል። አንዲት እናት ግን ቦርሳዋን አንግታ ጠጋ ትልና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሠልጣኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጄን ላስቀራት ነው፤ ፀጉሯ አለቀ» ስትለው ደሙ ይፈላል።

ይህ ደግሞ አንዴ ወይ ሁለቴ የሚደርስ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገንዳው በልጆች ይሞላል። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ወንዶቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ሴቶቹ፣ በተለይ ጥቅልልና ከርዳዳ ፀጉር ያላቸው፣ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። አሠልጣኙም ምክንያቱን ሲጠየቅ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ፣ «የፀጉር ነገር ነዋ» ብሎ ያልፋል።

እሱ ራሱ ላይ ለምስክር የተረፈች አንዲት ፀጉር የለችውም። ልጆቹ በሌለበት «አምፖል» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ አይከፋውም። እናቶቹን ግን አይምራቸውም ነበር። ፀጉር ቢያጥር ያድጋል፣ የሰመጠ ልጅ ግን አይመለስም እያለ በሰው ፊት ይገሥጻቸዋል። አንዷንማ፣ «እርስዎ የሚያሳድጉት ልጅ ሳይሆን አሻንጉሊት ነው» አላት። ሴትየዋ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። የዚያን ዕለት ምሽት፣ ራት ላይ፣ የሴትየዋን አነጋገር እያስመሰለ ለሚስቱና ለልጁ ነገራቸው። ሚስቱ ፊቷን እንኳ አላነሣችም። ልጁ ግን ሣቀችለት።

ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ «ዓሣዬ» ነው የሚላት። ከእናቷ የወረሰችው ፀጉር ጥቅጥቅ ያለና ጥቅልል ነው፤ ስበው ሲለቁት ተመልሶ ይጠቀለላል። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ገንዳው ትመጣለች፤ ልብሷን ቀይራ፣ በደረቅ ፀጉሯ ዘላ ትገባለች። ስትወጣ ፀጉሯን እንደ ፎጣ ትጨምቀውና በላስቲክ ጥብቅ አድርጋ አስራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ እንደታሰረም ትተኛበታለች።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ አትነሣም። የዕረፍት ቀኗን የምታጠፋው የልጇን ፀጉር ስትፈታ ነው። ቆብ ግዛላት፣ ሳትገባ በፊት በንጹሕ ውኃ አርሳት፣ ስትወጣም አለቅልቃት ብላ ባሏን ያልለመነችበት ጊዜ የለም። እሱ ግን መልሱ ምላሱ ላይ ነው። ቆብ ጭንቅላት ያጣብቃል፤ ውኃ ለመግባት በውኃ መታጠብ ቀልድ ነው፤ ክሎሪን ደግሞ ያጸዳል እንጂ ያቆሽሻል እንዴ? በዚህ መሃል የልጅቷ ፀጉር ከጥቁረት ወደ ዝገት መልክ እየተለወጠ፣ ሲነኩት እንደ ጭድ ይንኮሻኮሽ ጀመር።

አንድ የዕረፍት ቀን ጧት እናትየዋ ማበጠሪያውን ከባሏ ጭን ላይ አስቀመጠች። «ዛሬ አንተ ነህ የምታበጥራት» አለችና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ እኅቷ ቤት ሄደች።

አሠልጣኙ ነገሩን እንደ ቀላል ቆጠረው። ልጁን ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ በርጩማ ላይ አስቀመጠና፣ ማበጠሪያውን ከሥሩ ሰክቶ ወደ ታች ሳበ። አልሄደለትም። ጠንከር አድርጎ ሲስብ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ማበጠሪያው የተሰበረ መስሎት አየው፤ ማበጠሪያው ደኅና ነው። ጥርሶቹ መካከል ግን የተጠላለፈ የፀጉር ቁራጭ ቀርቷል። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ያው። ከጆሮዋ ጀርባ ሲገልጥ ደግሞ ፀጉሩ ተሰባብሮ ጣት የማይሞላ ሆኗል፤ ቆዳዋም ቀልቷል። ንዴቱ ማንን እንደሚይዝ ጠፍቶት፣ «ዝም ብለሽ ቁጭ በይ እንጂ» ብሎ ጮኸባት። ልጅቷ ግን ከመጀመሪያውም አልተንቀሳቀሰችም። ዞሮ ፊቷን ሲያይ የፎጣውን ጫፍ ነክሳ ታለቅሳለች።

ፎጣውን ከአፏ አወጣችና ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ አልዋኝም» አለችው።

«በፀጉር ምክንያት?» አለ። ቃሉ ከአፉ የወጣው ለእነዚያ እናቶች በሚናገርበት ቃና ነበር።

«አየህ» አለች ልጅቷ። «እንዲህ እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው ያልነገርኩህ። ራሴን ሌሊቱን ሙሉ ያሳክከኛል። እማዬ ስታበጥረኝ እኔም እሷም እናለቅሳለን። ላንተ ብነግርህ ግን ነገ ለሰው እኔንም እያስመሰልክ ታወራለህ።»

አሠልጣኙ ጭኑ ላይ የወዳደቀውን የፀጉር ብጥስጣሽ ሰብስቦ ወዴት እንደሚጥለው እንኳ ግራ ገባውና በመዳፉ ጨብጦ ቁጭ አለ።

ሚስቱ ስትመለስ ሁለቱንም እዚያው ቦታ አገኘቻቸው። የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?» የሚል ነበር። ሴትየዋ ሣቀች፤ ሣቋ ግን የደስታ አልነበረም።

«ዓመት ሙሉ ነገርኩህ። አንተ ግን ገና ፀጉር የሚል ቃል ስትሰማ ጆሮህ ይዘጋል። ጥቅልል ፀጉር ከቆዳዋ የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ አይወርድለትም፤ ሲፈጠርም ደረቅ ነው። ክሎሪኑ ደግሞ ያችን ያለችውን ወዝ ይጨርሳታል። ደረቅ ፀጉር መጀመሪያ ያገኘውን ውኃ ይጠጣል። ንጹሕ ውኃ አጠጥተህ ብትልካት ለገንዳው ውኃ ብዙ ቦታ አይኖረውም። ይኼ ይከብዳል?»

ከዚያ ፀጉሩን በውኃ አራሰች፤ ኮንዲሽነር በደንብ ቀባችው፤ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ ማበጠሪያ አምጥታም ከጫፉ ጀምራ፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ እየወጣች ፈታችው። የተሰበረውን ግን ምንም ማድረግ አልተቻለም። ኮንዲሽነር ያለሰልሳል እንጂ የተበጠሰ ፀጉር አይቀጥልም። መቀሷን አምጥታ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቆረጠችላት። አሠልጣኙ ቆሞ አየ፤ አንድም ቀልድ አልመጣለትም።

በማግስቱ ገንዳው ሳይከፈት ሄደና የጽዳት ሠራተኛዋን አስፈቅዶ የሴቶቹን ሻወር ቤት አየ። ሲያልፍ ሲያገድም በሩን ያውቀዋል፤ ገብቶበት ግን አያውቅም። አንዱ ሻወር ሥር መጥረጊያና ባልዲ ተከምሮበታል። ሌሎቹን ቢከፍታቸው አየር ብቻ ተነፈሱ። ስንት እናት እዚህ ቆማ ቧንቧ አዙራ ተስፋ ቆርጣ እንደወጣች ሲያስብ ፊቱ ጋለ።

በቀጥታ የገንዳው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን እስኪጨርስ ሰማውና ፈገግ አለ።

«ወንድሜ፣ ወደ ውኃ የሚገባ ሰው በውኃ ይታጠባል እንዴ? ደግሞ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የፀጉር ጠበቃ የሆንከው?»

አሠልጣኙ የገዛ ራሱን ድምፅ የሰማ መሰለው፤ የራሱ በመሆኑም ይበልጥ አበገነው።

«ዓመት ሙሉ ሴቶች ልጆች እየቀሩ ነው ብለን ስናማቸው ኖርን» አለ። «ዋናውን የተዉት ሰንፈው አይደለም፤ እኛ ነን ያባረርናቸው። ሳይታጠብ የሚገባ ሰው ላቡንም ቅባቱንም ገንዳው ውስጥ ነው የሚያራግፈው። ሻወሩ ይሠራ።»

ሥራ አስኪያጁ እናያለን አለ። ሲያይ ሲያይ ሳምንታት አለፉ። አሠልጣኙ ጧት ጧት ቢሮው በር ላይ እየቆመ አሰለቸው፤ በመጨረሻ ከመሰልቸት ብዛት ይመስላል፣ ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። እስከዚያው አሠልጣኙ ገንዳው ዳር በርሜል ውኃና ጣሳ አኖረ። ጥቅልል ፀጉር ያለው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ራሱን ሳያርስ፣ ኮንዲሽነር ወይም ዘይት ሳይቀባና ቆብ ሳያጠልቅ ፊሽካው አይነፋለትም። የሥራ ባልደረቦቹ ፀጉር ቤት ከፈትክ ወይ እያሉ ተሣሣቁበት። እሱ ጣሳውን አልለቀቀም።

ዋና ትተው ለቀሩትም ልጆች እናቶች ስልክ ደወለ። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን መለሱ። «የሚያሳድጉት አሻንጉሊት ነው» ያላት ሴትዮ ግን ይቅርታውን እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «አመሰግናለሁ፤ ልጄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃ አጠገብ መቆምም ትጠላለች» ብላ ዘጋችው። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ዋና አትችልም።

የገዛ ልጁም ቢሆን ወዲያው አልተመለሰችም። ፀጉሯ ጠቁሮና ለስልሶ እንደገና መጠቅለል እስኪጀምር ድረስ ገንዳው ዳር እግሯን አንጠልጥላ ሌሎቹን ስታይ ከረመች። እሱም ነይ ብሎ አላስገደዳትም፤ ይህ ለእሱ ቀላል አልነበረም።

ልጆቻችሁን ወደ ገንዳ የምትሰዱ ወላጆች፣ ገንዳ የምታስተዳድሩና የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ይህን ያህል ነገር ለማወቅ የልጅ እንባ መጠበቅ አልነበረብንም። ከዋና በፊት ንጹሕ ውኃ፣ ጥቂት ቅባትና ቆብ፤ ከዋና በኋላ ሳይውል ሳያድር መለቃለቅና መታጠብ፣ ቀስ ብሎም ከጫፍ መፍታት። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜ፣ «የፀጉር ነገር» እያሉ ለማፌዝ ከሚፈጀው አይበልጥም። ልጅ ያመማትን ነገር ብትናገር እንደማይሣቅባት ካላወቀች ደግሞ አትናገርም፤ ዝም ብላ ትቀራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ለልጆቹ ውኃ ሲያፈስ፣ ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት ልጅ ቆቧን በእጇ ይዛ ተጠጋችው። ቀና ሲል ልጁ ናት። አንገቷን ደፋችለት፤ እሱም እያንዳንዱ ጥቅል ውኃ እስኪጠግብ ድረስ፣ ሳይቸኩል፣ በጣሳ እየቀዳ አፈሰሰላት።