ስድስት ጆንያና አንድ ሰው

የሙሐመድሳኒ አስከሬን የተገኘው ሰኮሩ ከተማ፣ በደሬሳ መጋዘን በረንዳ ላይ፣ ከራሱ ስድስት ጆንያ ቡና ጀርባ ነበር። ጭንቅላቱን በብረት ተመትቷል። ሁለቱ ነጋዴዎች ለዓመታት መኳረፋቸውን አገር ስለሚያውቅ ፖሊስ ደሬሳን በዚያው ምሽት አሰረው።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ቆንጂት ከጅማ ስትደርስ፣ መዝገቡ ከሰዓት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ እንዲላክ ታዝዞ ጠበቃት።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ!» አለ ደሬሳ፣ የታሰሩ እጆቹን አንስቶ። «እስከ አሥር ሰዓት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ስመለስ ቡናው በረንዳዬ ላይ ነው። እሱም። ወላሂ አልነካሁትም!»

ለቀስተኞቹ መሰከሩለት። ችግሩ ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ነው።

ሟቹን በሕይወት ሳለ ወደ ሰኮሩ ያመጣው ዳግማዊ ነበር፤ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ጋራዥ ያለው፣ ከዱባይ የተመለሰ መካኒክ። «ሪማፕ» እያለ ጉልበታቸው እንዲጨምር የናፍጣ መኪኖችን ኮምፒውተር እንደገና ያስተካክላል፤ የሙሐመድሳኒን ፒክአፕም ባለፈው ሳምንት ሠርቶለታል።

«ጭኖ ምን ያህል እንደሚጎትት ልናይ ወጣን» አለ። «አሥር ሰዓት ላይ ከሰኮሩ ወጣ ብለን ለካን። ከዚያ ‹ከደሬሳ ጋር ሒሳብ አለኝ› ስላለ በሩ ላይ ከነቡናው አውርጄው መኪናውን ይዤ ተመለስኩ። ሰዓቱ ይኸው መለኪያ መሣሪያዬ ባተመው ወረቀት ላይ አለ። ከሰማንያ የፈረስ ጉልበት ወደ መቶ! ጅማ ውስጥ ማን ይህን ይሠራል?»

ሰው ሞቶ እሱ በቁጥር ይኮራል፣ አለች ቆንጂት በልቧ።

«አሥር ሰዓት ላይ አጠገብህ ነበር?»

«ከነስድስቱ ጆንያ። ክብደቱን ይዩት፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ። ሪማፕ ሳልሠራው ባዶውን ስለካው ሺህ ስምንት መቶ ነበር።»

«መሣሪያህ ጉልበቱን እንዴት ያውቃል?»

«መኪናው ምን ያህል ቶሎ እንደፈጠነ ራሱ ያነባል። ክብደቱን እኔ እጽፍለታለሁ። በሁለቱ ያሰላል።»

«መቶ ደርሷል እኮ» አለ ሳጅን ሽበሺ በሩ ላይ ሆኖ። «ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

«ሁላችሁም ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው የምታዩት!» ብላ ወረቀቱን ነጠቀችው። ፎቶ ኮፒ እንዳታነሳ መብራት የለም፤ አለቃዋ ደግሞ ስልክ ላይ ስልክ ይደውላል።

የሟቹን ሚስት ፈድሊያን አስጠራች።

«ቡናው ሲመዘን ነበርኩ» አለች ፈድሊያ። «እያንዳንዱ ጆንያ ስልሳ ኪሎ። ባሌም ‹እኔስ?› ብሎ እየሳቀ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዘጠና። ዳግማዊ ሁሉንም ጻፈ።»

ቆንጂት ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሪማፕ የተሠራ ሞተር በየዙሩ እኩል አይጨምርም» አለች። «ቱርቦው ለሞተሩ አየር በደንብ ሳይነፋ ብዙ የሚጨመር የለም፤ መሀል ላይ ያይላል፣ ጫፍ ላይ ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ ግን በደቂቃ በሺህ ሁለት መቶ ዙር ቶርኩ፣ የማዞር ኃይሉ፣ ከመቶ ሃያ ወደ መቶ ሃምሳ። በሁለት ሺህ ዙር ከሁለት መቶ ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ። ጉልበቱም ከሰማንያ ወደ መቶ። የትም ብትሄዱ ጭማሪው ሩብ ነው።»

«ጥሩ ሥራ ነዋ» አለ ዳግማዊ።

«ክብደቱስ? ከሺህ ስምንት መቶ ወደ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ። እሱም ሩብ! መኪናው የፈጠነው ያኔ ባዶውን እንደፈጠነው ነው። ጉልበት የጨመረው ሞተሩ አይደለም፤ አንተ የጻፍከው አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው። ጆንያዎቹ ሦስት መቶ ስልሳ፣ ሙሐመድሳኒ ዘጠና። አሥር ሰዓት ላይ አንዳቸውም መኪናው ላይ አልነበሩም። ቀድመህ እዚህ አራግፈሃቸዋል፤ ያኔ ደግሞ ጋሽ ደሬሳ ድንኳን ውስጥ ነበሩ።»

ዳግማዊ መሬት መሬት አየ።

«መኪናው ዳገቱ ላይ አልጎትት አለ» አለ በመጨረሻ። «‹ምንም አልሠራህም፤ ነገ ሄርማታ ሁሉ ይሰማል› አለኝ ሙሐመድሳኒ። የክሪኩ ብረት አጠገቤ ነበር...»

ፈድሊያ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ቆንጂት የደሬሳን ካቴና ልትፈታ ቁልፉን አስገባች፤ አልዞር አላት።

«እኔ ስምል አላመናችሁኝም» አለ ሽማግሌው፣ እጆቹን እንደዘረጋ። «ወረቀቱ ሲዋሽ ግን አመናችሁት። ዛሬ ያው ወረቀት ባይኖርስ፣ ልጄ?»

ቆንጂት ቁልፉን አወጣችና እንደገና ሞከረች።