ለትርሲት ያልተነገረው

ትርሲት የዳካ ኑክሌር ማመንጫ የፓምፕ ሠራተኛ ናት። ጠዋት ሥራ ስትገባ መለኪያውን ከማየቷ በፊት መዳፏን የማቀዝቀዣው ፓምፕ ሆድ ላይ ታሳርፋለች፤ ባሏ ዳምጠው «ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የምትዳብሺው» እያለ ይቀልድባታል። የፓምፑ ጎርናና ድምፅ ካለ የኑክሌር ማብላያው ማቀዝቀዣ ውኃውን አግኝቷል፤ ታች ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ ያሉት ዳምጠውና ሕፃን ልጇ ሶስናም በሰላም ይውላሉ።

መሬቱ የተንቀጠቀጠው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ማብላያው ወዲያው ቆመ፣ ፓምፖቹም ዝም አሉ። የቆመ ማብላያ ግን ውስጥ ውስጡን መጋሉን አይተውም፤ ውኃ ካጣ ይቀልጣል። የፈረቃው ኃላፊ ጋሽ ልሳኑ ወደ ማብላያው ክፍል ገብቶ የመጠባበቂያውን ውኃ በእጁ የሚከፍት ሰው ሲጠይቁ ትርሲት ሶስናን አሰበችና ገባች። ጨለማ ነበር፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ለብ ያለ ውኃ ጉልበቷ ድረስ ይደርሳል፣ ምላሷ ላይ የሳንቲም ጣዕም መጣባት፤ መዘውሩን እየታገለች አዞረችው፣ ውኃውም እያጓራ ወረደ። እንደወጣች አስመለሳት። ድንጋጤ ነው አሏት፤ እሷም ድንጋጤ ነው አለች።

ደጋግመው አጠቧት፣ ልብሷን ወሰዱ፣ ግቢው ውስጥ ባለው የእንግዳ ማረፊያ አስተኟት። በማግስቱ ደኅና ሆና ነቃች። ሬዲዮው ማመንጫው ምንም እንዳልሆነ ይናገራል። ስልኳን ስትጠይቅ ውኃ ገብቶበታል ተባለች፤ ቤቴ ልሂድ ስትል መንገዱ ተሰንጥቋል አሏት። ጥብስ መጣላት፣ ፍራፍሬ መጣላት፣ ግን ሁሉም በሩ ሥር ተቀምጦ ይተዋል እንጂ አብሯት የሚቆርስ ሰው የለም። ጋሽ ልሳኑ፣ እኒያ ከቁጣ በቀር የማያውቁት ሰውዬ፣ «ልጄ» አሏት። ያን ጊዜ ነገሩ አላማራትም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለቻ! ባለጉዳዩ በልቶ እስኪጠግብ፣ እንቅልፉን እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ስልኩ ይሰወራል፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ሁሉም ይስቅለታል። እሷ ራሷ የጎረቤቷን እናት ሞት በሆዷ ይዛ ከጎረቤቷ ጋር እየተሳሳቀች ገበያ ወጥታለች።

«ጋሽ ልሳኑ፣ ሶስናዬ ናት ወይስ ዳምጠው? አይደብቁኝ!»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ሁለቱም ደኅና ናቸው» አሉ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ቆመው።

«ከተማውስ?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያተረፍሽው…» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ትርሲት አላመነቻቸውም። ተቀምጣ አንገቷን አከከች፤ ፀሐይ ሳይነካት እንደ ሐሩር ያቃጥላታል። መስኮቱ በመጋረጃ ተሸፍኗል፣ ክፍሉ በበረኪና ሽታ ታፍኗል፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ ቆሎ ሲንጣጣ የሚመስል ደረቅ ድምፅ ይሰማል። የጨረር መቁጠሪያ ነው፤ ስንት ዓመት የሰማችው ድምፅ እንዴት ይጠፋታል? ታዲያ ጨረሩ ወጥቷል፣ ዋሽተዋታል፣ ከተማው አልቋል! ወደ በሩ ተጠጋች፤ ድምፁ ተጣደፈ። ወደኋላ አለች፤ ድምፁ ረገበ። እንደገና ተጠጋች፣ እንደገና ተጣደፈ፣ ከበሩ ማዶም የሰው እግር እየሸሸ ሲሄድ ሰማች።

ቀጥሎ መኪኖች ግቢው ውስጥ ሲቆሙ፣ በሮች ቀስ ብለው ሲዘጉ፣ አንድ ሰው «እሽሽ» ሲል ተሰማ። ዘመድ ተሰበሰበ ማለት ነው። ሶስናዬ እንዳትሆን ብቻ፣ አለች፤ ለዳምጠው እንኳ አልጸለየችለትም። ግድግዳውን ተደግፋ መስኮቱ ጋ ደረሰችና መጋረጃውን ገለጠች።

ሶስና ነበረች! ዳምጠው ትከሻ ላይ ሆና ብስኩት ትበላለች። ዳምጠውም አለ፣ እናቷም አሉ፣ ወንድሞቿም አሉ፤ አንድም የጎደለ የለም። ትርሲት «ተመስገን!» ብላ እያለቀሰች ሳቀች፣ መስታወቱንም በመዳፏ መታች።

ሁሉም ቀና አሉ። ዳምጠው የልጅቷን ዓይን በእጁ ሸፈነ፤ እናቷ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ፣ መስኮቱ ላይ ቆማ የምትስቀውን ልጃቸውን ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ ደረታቸውን መድቃት ጀመሩ።