የበቆሎ አገዳ ላስቲክ

ኢንስፔክተር ሊሊሴ ብዙ አስከሬን አይታለች፤ ለይስሙላ እንኳ የሚያለቅስለት ያጣ ሟች ግን ነገራ የመጀመሪያዋ ነበር። ከነቀምት ወጣ ብሎ ባለው የላስቲክ ማምረቻ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ሦስቱ ባልደረቦቹ ግን ዓይናቸው እሱ ላይ አልነበረም፤ እርስ በርስ በጥላቻ ይተያዩ ነበር።

ነገራ ላስቲክን በጥላሸት ከማጠንከር ይልቅ ከበቆሎ አገዳ በተፈጨ ነጭ ቃጫ አጠነከርኩ ብሎ ስም ያተረፈ ሰው ነበር። ለገዢዎች ከባድ ብረት በላስቲክ ቀበቶ አንጠልጥሎ ከሥሩ መቆም ይወዳል። ዛሬ ጠዋት እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ሲለማመድ ቀበቶው ተበጠሰ።

«ትዕቢቱ ነው የገደለው» አለ ገና ከመኪና የወረደው ሥራ አስኪያጁ ሠርፀ። «ቢላ ከተማ አድሬ መምጣቴ ነው። ጥላሸት ይሻላል ብል ማን ሰማኝ?»

የማሽን ሠራተኛው ጂሬኛ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አነሳ። «በእሱ ጥድፊያ ማሽኑ ጣቴን በላው። አላዝንለትም! ብረቱ ሲወድቅ ሰምቼ ከደጅ ገባሁ፤ ወዲያው ፖሊስ ልጠራ ሮጥኩ።»

«እዚህ ማን ቀረ?»

«አዴ ባዩሽ።»

የኬሚስትሪ ባለሙያዋ ባዩሽ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። «ምን ታፈጪብኛለሽ? ቀበቶው ጥላሸት ነክቶታል። የጥላሸቱ መጋዘን የሚገባው ማን እንደሆነ ሠርፀን ጠይቂው!»

ሠርፀ ሊዘልባት ሲቃጣ ጂሬኛ ጨምድዶ ያዘው።

ሊሊሴ የተበጠሰውን ቀበቶ አነሳች። ከበዳት፤ ቀዘቀዛትም። ከመደርደሪያው ሌላ ጤነኛ ቀበቶ አውርዳ ሁለቱም በተሠሩበት ፎርማ ውስጥ ከተተችው፤ ልክክ አለ። የተበጠሰው ግን አልገባም። ሦስቱንም ወደ ጠረጴዛው ጠራቻቸው።

«ይሄኛው አብጧል። ቃጫው ውሃ ጠጥቷል። ዝናብ የለም፤ ጣሪያውም አያፈስም። ሰው ነው የነከረው። ውሃ እንደሚያደክመው ማን ያውቃል?»

«እኛ የምናውቀው መቀላቀል ነው» አለ ጂሬኛ። «የሚፈትነው የአዴ ባዩሽ ክፍል ነው።»

«ታዲያ ጥላሸቱስ?» አለች ባዩሽ።

«ጥላሸቱማ ነው ያስያዘሽ። መጋዘን ውስጥ ተነክሮ ቢሆን ጥላሸቱ ከላይ ብቻ በነካው። ይሄ ግን በተበጠሰበት በኩል ውስጡ ላይም አለ። ያ ውስጡ ቀበቶው ከመበጠሱ በፊት የተዘጋ ነበር። ስለዚህ ጥላሸቱ የተቀባው ነገራ ከሞተ በኋላ ነው። ኦቦ ሠርፀ ያኔ አልደረሰም፤ ጂሬኛ ሮጧል። ከአስከሬኑ ጋር ብቻሽን የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

ሠርፀ በረጅሙ ተነፈሰ። ባዩሽ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አገዳው ከአባቴ ማሳ፣ ከጉቶ ጊዳ ነው። ቃጫውን ያወጣሁት እኔ፣ የቀመምኩት እኔ! እሱ ለገዢዎች ‹ዕቃ የምታጥብልኝ ልጅ ናት› አላቸው። እኔ ቆሜ እየሰማሁ!»

«እኔንስ ጣቴን ሲያሳጣኝ ገደልኩት?» ብሎ ጮኸባት ጂሬኛ።

ሠርፀ የነጩን ቃጫ ጆንያ በእግሩ ሲረግጥ ባዩሽ እንደ ነብር ዞረችበት። «እንዳትነካው! ደረቅ ከሆነ ብረት ይሸከማል! ኢንስፔክተር፣ ላስቲኩ የእኔ ነው ብለሽ ጻፊ። የእሱ አይደለም።»

ሊሊሴ ቃሏን እንዳለ አሰፈረችው። ይህ ቃል ለዕድሜ ልክ እስራት እንደሚያበቃት ነገረቻት።

ባዩሽ እስክርቢቶውን ተቀብላ፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ስም ጽፋ፣ ፈረመች።