ቆላፊው ሳይቆልፍ ሞተ

መርማሪዋ ካርቶን ፋብሪካው ስትደርስ ኤሌክትሪሻኑ ከመቁረጫው ማሽን ሥር እንደወደቀ ነበር። ቀኝ እጁ ጠቁሯል፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን የሚለይበት ቴስተሩ ከጎኑ ተቀምጧል። ኪሱ ሲፈተሽ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ወጣች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት የምርት ኃላፊው፤ ሸሚዙ ገና አሁን የተተኮሰ የሚመስል ቀጭን ሰው። «ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ብቻውን ሊጠግን ገባ። ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ማንም እንዳያበራው በጓጉንቸሩ አልቆለፈም። ጓጉንቸሩ ይኸው መስቀያው ላይ ነው። ነፍሱን ይማር እንጂ ጥፋቱ የራሱ ነው።»

«እርስዎ በዚህ ጓጉንቸር ተጠቅመው ያውቃሉ?»

«እኔ? የቢሮ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም።»

መርማሪዋ በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ «መርፌ» እየተባለች የምትጠራው ያለ ነገር አልነበረም። ወደ ብሬከሩ ክፍል ገብታ ግድግዳውን አየች። ስድስት መስቀያዎች አሉ። አምስቱ ጓጉንቸሮች ክፍት ናቸው፤ ቁልፋቸውም እላያቸው ላይ ተሰክቷል። ስድስተኛው፣ የሟቹ፣ ዝግ ነው። ማስታወሻዋ ላይ ጫረች።

በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ኃላፊው፣ የሟቹ ባልደረባ የሆነው ሌላው ኤሌክትሪሻን፣ እና የዕቃ ክፍሏ ሴት።

ባልደረባው ዓይኑ ቀልቷል። «ተጣልተን ነበር፤ አልደብቅሽም» አላት። «በኢንተርኔት፣ በሙያችን መድረክ ላይ። እሱ ግትር፣ እኔ ግትር። ግን ሳይቆልፍ ማሽን ነካ ካልሽኝ አልሰማሽም።»

«ሰው እኮ ይሳሳታል።»

«እሱ አይደለማ!»

መርማሪዋ የሟቹ ሚስት ቤት ስትገባ፣ ሴትዮዋ የባሏን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። «እይው እህቴ» ብላ አቀበለቻት።

ስልኩ ላይ የተከፈተው፣ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ የመወያያ ክፍል ያለበት የኢንተርኔት ገጽ ነው። በኤሌክትሪሻኖቹ ክፍል የባሏ ፎቶ ተለጥፏል። ሟቹ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ለጠየቀው ሁሉ በመጀመሪያ የሚመልሰው «ቆልፈሃል?» ብሎ ስለነበር «ቆላፊው» ብለውታል። አሁን ከፎቶው ሥር፣ «ቆላፊው ሳይቆልፍ ሞተ። ተማሩበት» ይላል። ከዚያ በታች የሚያዝን አለ፤ የሚስቅም አለ።

«ልጄ አንብባው መጣች» አለች ሚስትየው። «‹አባዬ ውሸታም ነበር እንዴ?› አለችኝ። እሱ እንደሆነ አይመለስ፤ ስሙን ብቻ መልሺልኝ።»

«የሚቀርበው ሰው ነበረው?»

«ባለ ጓንቱ» አለች፤ ፈገግታዋ መራራ ነው። «የመድረኩ ጓደኛው ነው። እውነተኛ ስሙን አላውቅም፤ እሱም በአካል አይቶት አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ምግቡ እየበረደ ከእሱ ጋር ይጻጻፋል።»

መርማሪዋ ስልኩን ይዛ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ብሬከሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው በር ላይ ቆመች። መርማሪዋ አዲስ ዝግ ጓጉንቸርና ቁልፉን አወጣች።

«ተራ በተራ ከፍታችሁ ስቀሉልኝ።»

ባልደረባው ከፈተው፤ ቁልፉን እንደተሰካ ትቶ ክፍቱን ሰቀለው። የዕቃ ክፍሏ ሴትም እንደዚያው አደረገች፤ «ለዚህ ነው ከሥራ ያስነሳሽን?» እያለች። ኃላፊው ከፈተ፤ ወዲያው መልሶ ዘጋው፤ ቁልፉን ነቅሎ ለመርማሪዋ ሰጠና ዝጉን ሰቀለው።

«ቁልፉን ለመንቀል ለምን መጀመሪያ ዘጉት?»

«እና… ክፍት ሆኖ አይወጣማ።»

«ትክክል ነዎት። ክፍት እያለ ቁልፉን አይለቅም። ነክተውት ለማያውቁት ዕቃ በደንብ ያውቁታል።» ወደ ሚስትየው ዞረች። «የማይሠራበት ጓጉንቸር ክፍት ሆኖ፣ ቁልፉን ይዞ እዚህ ይውላል። የባለቤትሽ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። ኪሱ የገባው ጓጉንቸሩ ስለተዘጋ ነው። ቴስተሩንም አውጥቶ ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን አረጋግጧል። ቆልፏል።»

ሚስትየው ዓይኗን ጨፈነች።

«እዚሁ መስቀያው ላይ ዘግቶት ቢሆንስ?» አለ ኃላፊው።

«ምን ቆርጦት?» አለ ባልደረባው። «ተመልሶ ሊከፍተው?»

«ታዲያ ማን ከፈተው?» አለች የዕቃ ክፍሏ ሴት። «ትርፉን ቁልፍ እኮ እኔው እሱ እያየ በመዶሻ አድቅቄዋለሁ። ደንባችን ነው።»

«ሌላ ተቀርጿል። ከሦስት ሳምንት በፊት ባለ ጓንቱ፣ ‹እንዳንተ ያለ ጓጉንቸር ልገዛ ነው፤ ከነቁልፉ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ› ብሎ ጻፈለት። ያ ሁሉን ‹ቆልፈሃል?› የሚል ሰው የቁልፉን ጥርስ ለጓደኛው አሳየ። ባለ ጓንቱ ግን የዘነጋው ነገር አለ። ቁልፍ ቀራጮችም በዚያ ገጽ ላይ የራሳቸው ክፍል አላቸው። አንዱ፣ ‹ዛሬ አንድ ዘናጭ ሰውዬ የቁልፍ ፎቶ ይዞ መጣ፤ በፎቶ አልቀርጽም ብዬ መለስኩት› ብሎ ጽፏል። ሥሩ ሌላው፣ ‹እኔ ጋ መጥቶ ቀረጽኩለት፤ ምን ችግር አለው?› ብሎ መለሰ። ዛሬ ጠዋት የእርስዎን ፎቶ አሳየሁት። ችግሩ ገባው።»

ኃላፊው የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ።

«አምና በዚሁ ማሽን አንድ ሠራተኛ ሞቶ ነበር፤ ‹በራሱ ጥፋት ነው› ብላችሁ ቀበራችሁት» ቀጠለች። «ሰውየው ከማሽኑ ሳይወጣ ‹አብሩ› ብለው ያዘዙት እርስዎ ነበሩ። ቆላፊው ሊመሰክር ወስኖ ነበር። ይህን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለባለ ጓንቱ፣ ማለትም ለእርስዎ። እርስዎም ምሳ ሰዓት ጠብቀው ጓጉንቸሩን ከፈቱ፤ ብሬከሩን አበሩ። የእርስዎን ቁልፍ ለማውጣት ግን ጓጉንቸሩን መልሰው መዝጋት ነበረብዎ፤ ዝጉን ሰቀሉት። ሳይቆልፍ የሞተ ለማስመሰል የእሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ ጓጉንቸሩን ከፍቶ ከነቁልፉ መስቀል እንደሚያስፈልግ፣ በየቀኑ የሚሠራበት ሰው ያውቅ ነበር።»

ኃላፊው ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«መድረኩ ላይ የገባሁት ሠራተኞቹ ምን እንደሚሉ ለመስማት ነው። ከዚያ ቆየሁ። የጻፍኩለት ሁሉ ግን ውሸት አልነበረም። የሚያዋየው ሌላ ሰው አልነበረውም።»

«እኔ ነበርኩለት» አለች ሚስትየው።

ኃላፊውን ይዘውት ወጡ። ባልደረባው ገና በሩ ላይ እያለ ስልኩን አውጥቶ መድረኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሚስትየው ወደ መርማሪዋ ተጠጋች።

«የተጻጻፉትን ማንበብ እችላለሁ?»

«ከፍርዱ በኋላ።»

«ብዙ ነው?»

መርማሪዋ ልትዋሻት አሰበችና ተወችው። «ዘጠኝ መቶ ገጽ ነው።»

«ለእኔ» አለች ሚስትየው ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «‹ዛሬ አመሻለሁ› ብቻ ነበር የሚጽፍልኝ።»