አንደበት የጾመበት ሐሙስ

መጀመሪያ የተዋወቅነው ሳስነጥስ ነው።

አያቴ፣ ሊቁ ሐካም መስዑድ፣ በተራራማዋ ከተማችን በጽፋት ካሉት ትንንሽ ምኩራቦች በአንዱ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካባላን፣ የአይሁድን የምስጢር ትምህርት፣ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው ወንዶች ናቸው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሴቶች ሰገነት ላይ እወጣና ከእንጨቱ ርብራብ ጀርባ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከአያቴ በቀር እዚያ መኖሬን የሚያውቅ አልነበረም። ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላም ከአውቶብስ ስወርድ ቦርሳዬን ቤት ሳላደርስ በቀጥታ የምሄደው ወደዚያ ነበር።

ያን ቀን የሚያስተምሩት በጣም የምወደውን ነበር።

«ከፍጥረት በፊት ሁሉን የሞላው የእርሱ ብርሃን ነው» አሉ አያቴ። «ለዓለም የሚሆን ቦታ አልነበረም። ታዲያ ምን አደረገ? ራሱን ሰብሰብ አደረገ። ገለል አለ። ለሌላው ስፍራ ለቀቀ። መውደድ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ገለል ከማለት።»

«ሐካም፣ ያ የተለቀቀው ስፍራ ግን...» አለ አንድ የማላውቀው ወፍራም ድምፅ፣ «ብቸኝነት አይሰማውም?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ርብራቡ ተጠጋሁ። የስንት ዓመት አቧራ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አፌን በሁለት እጄ ብይዘውም አልሆነም፤ አስነጠስኩ።

ከታች ያሉት ራሶች ሁሉ ቀና አሉ።

«ይማርሽ!» አለ ያው ድምፅ። «ሐካም፣ መልሱ ከላይ መጣልኝ!»

ምኩራቡ በሳቅ ተሞላ። አያቴም ሳቁ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሁሉም እስኪወጡ ድረስ ፊቴን በመሐረቤ ሸፍኜ ቆየሁ።

ሁሉም ግን አልወጡም ነበር። ደረጃውን ወርጄ በሩ ላይ ስደርስ እጁ በሰም የተለበጠ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ ወጣት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«የሰገነቷ መልአክ አንቺ ነሽ?»

«ጉንፋን ይዞኛል» አልኩት።

ከዚያ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ ባስብም አልመጣልኝም።

ስሙ አብያታር ነበር። ከቤር ሼቫ ነው የመጣው። ከወታደር ቤት ከወጣ በኋላ ለአንድ ሰንበት ብሎ ጽፋት መጣ፤ በዚያው ቀረ። ሻማ ቤት ተቀጥሮ ሰም ያቀልጣል፣ የሰንበት መሸኛ ሻማ ይጎነጉናል። ደግሞ ያወራል። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዴት እንደሚያወራ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እኔ በጠባቡ መንገድ በአንዱ ጥግ፣ እሱ በሌላው ጥግ፣ እስከ ደጃችን እንሄዳለን። ስለ እናቱ የማይበላ ምግብ ያወራል። የጦር ሰፈራቸውን ምሳ ስለምትሰርቅ ድመት ያወራል። ነፍስ ከሰውነት በፊት የት ትኖር እንደነበር ይጠይቀኝና፣ ራሱ ይመልስና፣ በራሱ መልስ ላይ ይከራከራል። እኔ «እ» እላለሁ፤ አንዳንዴም «አዎ»።

አንድ ቀን ጠማማ ሻማ ሰጠኝ።

«እየጎነጎንኩት ስላንቺ ለጓደኞቼ አወራ ነበር» አለኝ። «ለዚህ ነው የጠመመው። የሚገዛ ጠፋ።»

«ስለኔ ምን?»

«አየሽ? ሁለት ቃል ተናገርሽ! ዛሬ በዓል ነው!»

ያን ማታ ሻማውን ትራሴ አጠገብ አስቀምጬ የማር ሽታው ሲሸተኝ አደረ። እንደምወደው አወቅሁ። ግን ለማን ይነገራል? እናቴ ከሞተች ጀምሮ በቤታችን ውስጥ ብዙ ያልተናገርኳቸው ነገሮች አሉ፤ እሱንም እነሱ ላይ ጨመርኩት።

ያሳደገችኝ አክስቴ ሲሚ ደግሞ በኔ ምትክ ትናገራለች። በብርዱ ወራት አንድ ቀን ክቡን የሊጥ ጥብስ፣ ስፌንጅ፣ እየጠበሰች፣ ዘይቱ እየተንጣጣ፣

«አንቺ ልጅ፣ የሃይፋውን የጥርስ ሐኪም ታስታውሻለሽ? የነሱልጣናን ልጅ?» አለችኝ። «በሚመጣው ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት እንደወጣ፣ ከነእናቱ ሊያይሽ ይመጣል። አዋቂ ነው፣ ቤት አለው፣ አያጨስም።»

ዝም አልኩ።

«ዝም ካልሽ እሺ ብለሻል ማለት ነው» አለችና ስፌንጁን ገለበጠችው።

ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። በሚመጣው ሐሙስ ለአብያታር እነግረዋለሁ። የፈለገው ይሁን፣ እነግረዋለሁ።

ያ ሐሙስ ዝናብ ነበር። አውቶብሱ ዘግይቶ ጽፋት ስደርስ የአያቴ ትምህርት አልቋል። በቀጥታ ወደ ሻማ ቤቱ ሄድኩ። ብቻውን ነበር። የክር ዘለላ ይዞ ከሰሙ ያስገባል፣ ያወጣል። ሲያየኝ ፊቱ እንደ ልጅ በራ።

ግን ሰላም አላለኝም።

ብዙም አላስተዋልኩትም። የምናገረውን መንገድ ሙሉ ሳጠናው ነበርና እንዳይጠፋብኝ ቸኮልኩ።

«አብያታር፣ አታቋርጠኝ፤ ካቋረጥከኝ አልጨርሰውም» አልኩት። «ቅዳሜ ማታ ሰዎች ሊያዩኝ ይመጣሉ። አክስቴ ናት የጠራቻቸው። እኔ... እኔ እነሱን አልፈልግም። በየሳምንቱ ከሃይፋ የሚያመጣኝ ያያቴ ትምህርት ብቻ አይደለም። ያ ጠማማ ሻማ ትራሴ አጠገብ ነው ያለው። የምትለኝ ነገር ካለህ... እባክህ፣ ዛሬ በለኝ።»

በሕይወቴ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አብያታር የያዘው የክር ዘለላ ከእጁ ወደቀ። አፉን ከፈተ። ዘጋው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰም የነካውን መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ምንም የለህም?»

አንዲት ቃል እንኳ!

ያ ማውራት የማይሰለቸው ሰው፣ ለድመት የሚበቃ ወሬ ያለው ሰው፣ ለኔ ቃል አጣ። እንዳዘነልኝ ገባኝ። እምቢ ማለት ስለከበደው አፉን እንደያዘ ገባኝ። ወጣሁ። መንገዱ ላይ ውሃ ይወርድ ነበር፤ እኔም አለቅስ ነበር።

ቤት እንደገባሁ፣ «አክስቴ፣ ይምጡ» አልኳት።

«እልልል!» አለች አክስቴ ሲሚ።

ከመሸ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ድምፁን ከክፍሌ ሆኜ ለየሁት።

«እማማ ሲሚ፣ ፍሪሓን ጥሪልኝ! አሁኑኑ!»

አክስቴ ወደኔ ስትመጣ፣ «ተኝታለች በይው» አልኳት በሹክሹክታ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው ብዬ ነበር። ይቅርታውን መስማት አልቻልኩም።

«ተኝታለች» ስትለው ሰማሁ። «እኔም ልተኛ፤ ቅዳሜ ማታ እንግዶች አሉብን። ይልቅ ጥሩ ሻማ ካለህ አምጣልኝ፤ ደግሞ እንደዚያኛው ጠማማ እንዳይሆን!»

«እሺ ብላለች?... ራሷ?»

«ራሷ።»

የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ሲሄድ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አያቴ ነጭ የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው፣ በረንዳ ላይ ወደ ሜሮን ተራራ እያዩ የናና ሻይ ይጠጡ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«የኔ እመቤት፣ ዓይንሽ አብጧል» አሉኝ።

«አያቴ... ሰው ጠይቀውት ዝም ካለ፣ እምቢ ማለቱ አይደል?»

«እንደ ሰውየው ነው። ማን ነው?»

«አብያታር። ሻማ ቤት ሄጄ... አነጋገርኩት።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። ጺማቸውን ያዙ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው!

«አቤት ጌታዬ! ልጄን በገዛ እጄ አስለቀስኳት!» አሉ። «ስሚኝ። ባለፈው ሳምንት ይሄ ልጅ እኔ ዘንድ መጣ። ‹ፍሪሓን ስጡኝ› አለኝ። ሲለምነኝ ሻዬ ቀዘቀዘ፤ አይጨርስማ! ‹ልጄ› አልኩት፣ ‹የኔ ፍሪሓ ድምፅዋ ትንሽ ነው። አንተ ቤቱን በሙሉ በወሬህ ከሞላኸው እሷ የት ትቀመጣለች? መጀመሪያ ገለል ማለት ተማር። ሐሙስን አንደበትህን ጹም። ከንጋት እስከ ኮከብ መውጫ አንዲት ቃል አትናገር። ከዚያ መጥተህ ራሷን ጠይቃት።›»

የንግግር ጾም! በኛ ቤት ያደገ ሰው የማያውቀው ነገር አይደለም። አያቴ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ይጾሙታል። ግን አብያታር ዝም ይላል ብሎ ማን ያስባል? ዓሣ በደረቅ ይሄዳል ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ማታ መጥቶ ነበር» አልኩ። «አስመለስኩት። ለአክስቴም እሺ ብያታለሁ። አያቴ፣ እርስዎ ይንገሩት...»

«እኔ አልነግረውም።»

«አያቴ!»

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። ከባድ ነበሩ እጆቻቸው፣ ሙቅም ነበሩ።

«ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ፣ ልጄ። አንዱ ለሌላ ሰው ስፍራ ይለቃል። ሌላው በር ይዘጋል። እሱ የመጀመሪያውን ትናንት ተማረ። አንቺ ከእናትሽ ቀብር ጀምሮ ሁለተኛው ውስጥ ነሽ። እኔም ላስወጣሽ ስፈራ ኖርኩ። ዛሬ ግን በሩን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ።»

ፀሐይ ወደ ሜሮን ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ምኩራቡ ጎረፈ። ሰገነቱ ላይ ከአክስቴ ጎን ተቀመጥኩ። አብያታር ከታች፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቷል። አጠገቡ ያሉት ሲያወሩት እንኳ አይመልስም ነበር።

አያቴ ሰንበትን ከመቀበላችን በፊት እንደ ልማዳቸው ጥቂት ሊያስተምሩ ተነሡ።

«አንድ ተማሪዬ የጠየቀኝ ጥያቄ ነበር» አሉ። «ያ የተለቀቀው ስፍራ ብቸኝነት አይሰማውም ወይ? አለኝ። እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። የሚመልስ አለ?»

አያቴ ወደ ወንዶቹ አላዩም። ወደ ላይ ነበር የሚያዩት።

ተነሣሁ። ርብራቡን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ብቸኝነት ይሰማዋል» አልኩ። «እዚያ የሚቀመጠው ሰው፣ የተለቀቀለት እሱ መሆኑን እስኪያውቅ ድረስ።»

ራሶች ሁሉ ቀና አሉ። አክስቴ ቀሚሴን ጎተተች። «ምን ሆነሻል አንቺ? ተቀመጪ!»

አልተቀመጥኩም።

«አብያታር፣ ዝምታህ እምቢታ መስሎኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ቅዳሜ ማታ ሌላ ሰው እንዲመጣ አልፈልግም። አንተ ና።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከፊት አግዳሚ፣

«ይማርሽ!» አለ።

ምኩራቡ በሳቅ ፈነዳ። አብያታር ግን አልሳቀም። ቆሞ ወደ ላይ ያየኛል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል አይወጣም። ጾሙ ካለቀ አንድ ቀን ሆኖታል! በመጨረሻ ራሱን ብቻ በእሺታ ነቀነቀ፣ ደጋግሞ፣ እንባው ነጭ ሸሚዙ ላይ እየወረደ።

«የጥርስ ሐኪሙን ምን ልበለው?» አለች አክስቴ ሲሚ በጆሮዬ። «ስንት የሚነቀል ጥርስ አለኝ መሰለሽ!» ግን እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር፤ ጸሎቱ እስኪያልቅም አልለቀቀችኝም።

ፀደይ ሲመጣ፣ እዚያው ምኩራብ ግቢ ውስጥ ተጋባን። ሰርጉ ላይ አብያታርን፣

«ያን ሐሙስ ለምን ቃልህን አላፈረስክም? ብታጣኝስ?» አልኩት።

«ላፈርሰው አፌን ከፍቼ ነበር እኮ» አለኝ። «ግን አታቋርጠኝ አልሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ እያወራሽ ነበር፣ ፍሪሓ። እንዴት ላቋርጥሽ?»

አያቴ ዛሬ የሉም። ሻማ ቤቱ የሥዕል መሸጫ ሆኗል። ሰገነቱ ታድሶ ርብራቡ አዲስ ነው፤ አቧራ የለውም። ጽፋት ስንሄድ ደረጃውን እወጣና ትንሽ እቀመጣለሁ። የሰሙ ሽታ ያለ ይመስለኛል፤ የአያቴ ድምፅም ከታች የሚመጣ ይመስለኛል።

ጠማማው ሻማ አሁንም ቤታችን አለ። አላበራነውም።

አብያታርም በየዓመቱ፣ በብርዱ ወራት አንድ ሐሙስ፣ አንደበቱን ይጾማል። ሻይ አፍልቼ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ኮከብ እስኪወጣ ይጠብቃል።

ያን ቀን የማወራው እኔ ነኝ።