ከፋይሉ የጎደሉት

ኢንስፔክተር ደጊቱ እንጅባራ ዳር ካለው የግል ክሊኒክ ስትደርስ የአቶ አዝመራው አስከሬን ገና አልተነሣም ነበር። የዘንገና ገበሬ ናቸው። መጥረቢያ እግራቸውን ቆርጧቸው በጎረቤት ሸክም መጡ፤ ፔኒሲሊን በተወጉ በሩብ ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ።

በእግር ተከትለው የደረሱት ባለቤታቸው እህተማርያም በር ላይ ተቀምጠዋል።

«የዛሬ ሦስት ወር፣ የሩፋኤል ዕለት፣ እዚሁ ክሊኒክ ይህንኑ መርፌ ወግተውት ሊሞትብኝ ነበር» አሉ። «ዳግመኛ እንዳይወጋ ብለው ካርዱ ላይ በቀይ ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ነርሱ ምህረቴ ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳያት። የሟቹ ስም የለም።

«ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ምን ልጠይቃቸው? ሲስተሙ ላይ ሳጣቸው አዲስ በሽተኛ ናቸው ብዬ ወጋሁ።»

«ካርዳቸውስ?»

«ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል ተብሎ ካርዶቹ በጆንያ ታስረው መጋዘን ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ናቸው ያዘዙት።»

ሥራ አስኪያጁ ሽመክት አልተደናገጡም።

«ጥፋቱ የመዝጋቢዋ የናርዶስ ነው። ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ወዳለው መዝገብ ያስገባችው እሷ ናት፤ ስሟ አለበት። እኔ ፋይሉን ከፍቼም አላውቅ። ደግሞስ ኢንስፔክተር፣ ከሺህ ምናምን ሰው አሥራ አንድ ቢጎድል ይህን ያህል ጉድ ነው?»

ደጊቱ ያሉትን ጻፈች።

ናርዶስ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን በንዴት ይንቀጠቀጣል።

«አራት ቀን ታገልኩት! ፋይሉን በጫንኩት ቁጥር ሲስተሙ ይመልሰዋል። አንድ ረድፍ ካልተስማማው ሁሉንም ነው የሚመልሰው። ለሠሪዎቹ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ማክሰኞ ለሥልጠና ዳንግላ ሄድኩ፤ ዓርብ ስመለስ ገብቶ አገኘሁት። እነሱ ያስተካከሉት መሰለኝ።»

«የይለፍ ቃልሽን ማን ያውቃል?»

«ምህረቴም ሥራ አስኪያጁም። ኮምፒውተሩ ላይ ተለጥፏል።»

ደጊቱ የናርዶስን ዋና ፋይል ከፍላሽ ላይ በሲስተሙ የሙከራ ገጽ አስጫነች። ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደገሙት፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። በሦስተኛው «ቀኑ ልክ አይደለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። የማን ቀን? አይናገርም። ደጊቱ ስክሪኑን በጥፊ ልትለው ቃጣት።

«ለሁለት ክፈይው» አለች።

ሁለቱም ግማሾች ተመለሱ። አንዱን ደግሞ ለሁለት። እንዲህ ሲከፍሉ፣ ሲጭኑ፣ ኔትወርክ ሲጠብቁ ከሰዓት በኋላው አለቀ። በመጨረሻ ከተመለሱት አንዷ ረድፍ ለብቻዋ ቀረች፦ አዝመራው፣ 3/13/2009።

ናርዶስ አፏን ያዘች። «ጳጉሜ ሦስት!»

ደጊቱ ሁሉንም እዚያው ኮምፒውተሩ ዙሪያ ሰበሰበች። እህተማርያምም ገቡ።

«ሲስተሙ የተሠራው ለፈረንጅ ወር ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ ሁለተኛው ወርም ሠላሳ ቀን ያለው አይመስለውም። ስለዚህ የናርዶስን ፋይል በሙሉ መለሰ። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ግን በናርዶስ ስም ሌላ ፋይል ገባ። ሁለቱን አስተያየሁ፤ ዘጠኝ የጳጉሜና ሁለት የጥቅምት ሠላሳ ሰዎች ተሰርዘዋል። ናርዶስ ረቡዕ ዳንግላ የሥልጠናውን ስም መቆጣጠሪያ ፈርማለች። ምህረቴ፣ አንተስ?»

«ረቡዕ እረፍቴ ነው። አዲስ ቅዳም ከተማ እናቴ ዘንድ ነበርኩ።»

«እናቱ ጋ ደውዬ አረጋግጫለሁ። አቶ ሽመክት፣ ስንት ሰው እንደጎደለ እኔ ያወቅሁት አሁን ቆጥሬ ነው። እርስዎ ፋይሉን ሳይከፍቱ ጠዋት አሥራ አንድ ያሉኝ ከየት አምጥተው ነው?»

ሽመክት ከንፈራቸውን ላሱ።

«ሐሙስ ከዞን ጎብኚዎች ይመጡ ነበር... ሥራው አልቋል ብዬ ነበር። በኋላ እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነው። ማን ይሞታል ብዬ ላስብ?»

«ካርዶቹንም መጋዘን አስገቡ። ነርሱ የሚያይበት አንድም ቦታ አልቀረለትም። ሰውየው ከሞቱም በኋላ ጥፋቱን በልጅቷ ላይ አላከኩ።»

ከደጊቱ ጋር የመጣው ፖሊስ የሽመክትን ክንድ ያዘ።

እህተማርያም ነጠላቸውን ሰበሰቡና ደጊቱን ቀና ብለው አዩ።

«ሌሎቹ አሥሩስ ልጄ? አሁን ቢታመሙ የት ነው የሚሄዱት?»

ናርዶስ ተነሥታ የመጋዘኑን ቁልፍ አነሣች፤ ምህረቴም ተከተላት።