የአካለ ወልድ የመጨረሻ ንባብ

አካለ ወልድ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ጉንጩ ቀልቷል። ከሞጣ የመጣው መርማሪ መቶ አለቃ ይማም ጎንበስ ብሎ ያንን ቅላት ትንሽ አየና ዓይኑን ወደ አልጋው ግርጌ መለሰ። ማንደጃው ውስጥ አመድ ብቻ ቀርቷል።

«ከሰል ነው» አለ በሩ ላይ ዘብ የቆመው አሥር አለቃ። «ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቦ ከሰል እንደሚገድል ሳያውቅ ቀረ።»

«ያውቅ ነበር እንጂ» አሉ ሬሳውን ጠዋት ያገኙት ወይዘሮ ይርጋነሽ። «ለዚህ አይደል መስኮቱን ክረምት ከበጋ የማይዘጋው? ‹አካለ ወልድ ቢቸናን ያሞቃል› እያልን ስንስቅበት ኖርን።»

«ዛሬስ እትዬ? ክፍት ነበር?»

«ዝግ ነበር ልጄ። የማይገባኝ እሱ ነው።»

ይማም ወደ መስኮቱ ሄደ። የውስጡ መወርወሪያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሸረሪት አድርቶበታል። ሰው ከነካው ቆይቷል። ሳንቃውን ገፋው፤ አልተነቃነቀም። ዝናቡ እየመታው በጓሮ በኩል ዞረ። ለአጥር የመጡ ባሕር ዛፎች ጥግ ላይ ተቆልለዋል። አንዱ ግን ብቻውን ከክምሩ ወጥቶ መስኮቱን ከውጭ ደግፎ ይዟል፤ ግርጌው እንዳይንሸራተት ጭቃው በተረከዝ ተረግጧል።

«ነፋስ እግር የለውም» አለ ለራሱ።

ሟቹ ከንባብ ቤቱ ጎን ባለች ክፍል ብቻውን የሚኖር፣ ጠላትም ሀብትም የሌለው የንባብ ቤት ጠባቂ ነበር። ሥራው መጻሕፍት ነበሩ። በዚያ ክረምት፣ በ1974 ዓ.ም.፣ ለዓመቱ የመጽሐፍ ሽልማት የታጩ ሦስት ልብ ወለዶች ከአዲስ አበባ ተልከው የቢቸና አንባቢዎች አስተያየታቸውን እንዲሰጡ ተጠይቀዋል። ከእያንዳንዱ የመጣው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ፣ አካለ ወልድ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የንባብ ቤቱ ማኅበርተኞች ያዳምጣሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውን ጨረሰ። አስተያየቱ ዛሬ ይሰበሰብ ነበር።

«እንግዲያው ይሰብሰብ» አለ ይማም። «ሟች የጀመረውን ሥራ እኔ እጨርሳለሁ።»

መጀመሪያ የጠየቀው የቅኔ መምህሩን መሪጌታ ኃይለ ሚካኤልን ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል።

«የኔታ፣ መጻሕፍቱን እንዴት አገኟቸው?»

«አንደኛው ስለ ፋብሪካ ነው። መኪናዎቹ ከሰዎቹ ይሻላሉ። ሁለተኛው ከዳር እስከ ዳር ስብሰባ ነው፤ ተኝቼ ስነቃ አጀንዳው አልተለወጠም።» ፈገግ አሉና ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «‹ከሱሃ ማዶ› ግን ሰው አለበት። የእኛን የሱሃን ወንዝ፣ የእኛን ገደል፣ የእኛን ጭጋግ ያውቃል። ማን እንደ ጻፈው እንጃ፣ የብዕር ስም ነው አሉ። ብቻ ልጁ ከስደት ተመልሶ ቤቱ መግባቱ ቀለለብኝ። ቀለለብኝ እያልኩ አለቀስኩ።»

«ሲነበብ የተለየ ነገር አልነበረም?»

መሪጌታ ዝንብ የሚከላከሉበትን ጭራ ገታ አደረጉ። «መጽሐፉ ሲታጠፍ ሰማሁ። አለቀ ስል ንባቡ ቀጠለ። አላነሳሁበትም፤ ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር። አካለ ወልድ የቅኔ ተማሪዬ ነበር። አንዴ የሰማውን አይጥልም።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ አስተያየት ሲጠየቁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ግን ቤቴን ያየ ሰው ነው የጻፈው። ልጁ በምሽት ሲመጣ በሩ አልተወረወረም፤ ገፋ አድርጎ ገባ። የእኔም በር አይወረወርም።»

«ለምን እትዬ?»

«ልጄን ውበቴን በሰባው፣ በቀይ ሽብሩ ዓመት ወሰዱት። ሲወጣ ‹እማዬ፣ በሩን እንዳትወረውሪው፣ እመለሳለሁ› አለኝ። ሬሳውን አላሳዩኝም። እንግዲህ ምኑን አይቼ ልወርውር? ነፋስ ሲገፋው እነሳለሁ። ሁልጊዜ እነሳለሁ።»

በሰባው ዓመት ሞጣም የተወሰዱ ልጆች ነበሯት፤ ይማም እንዲህ ያለ በር ያውቃል።

ሦስተኛው መምህር ወልደ ኪዳን ነበር፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ የውበቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሰው ሞቶ ስለ ልብ ወለድ ይጠየቃል?»

«ሟች ከዚህ ሌላ ጉዳይ አልነበረውም። ‹ከሱሃ ማዶ› እንዴት ነው?»

«ከሦስቱ ይበልጣል። ፍጻሜው በተለይ። ልጁ የእናቱን ቤት ጭስ እያየ ገደሉ አፋፍ ላይ መውደቁ፤ አንባቢ የሚያስታውሰው ያልደረሰን ሰው ነው።»

«እስከ መጨረሻው አዳመጡ?»

«ራሴን አሞኝ አቋርጬ ወጣሁ። ሲበተኑ አንዱ ነገረኝ።»

«ከዚያ በፊት መጽሐፉን አላዩትም?»

«የት አየዋለሁ? ከአካለ ወልድ እጅ ወጥቶ አያውቅም።»

ይማም አመስግኖ ሸኘው። ከዚያ ከሟቹ ራስጌ ላይ መጽሐፉን አንስቶ የመጨረሻውን ገጽ አነበበ። ደግሞ አነበበው። ክፍሉ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም የሆነ ሰው አብሮት የሚያነብ ያህል ተሰማውና ወደ ሬሳው ዞር ብሎ አየ።

ማኅበርተኞቹ ንባብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። የአካለ ወልድን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም። ይማም ከጎኑ ቆመ።

«አካለ ወልድን የገደለው መስኮቱን ከውጭ የደገፈ ሰው ነው። ማን እንደሆነ አስተያየታችሁ ነግሮኛል። የልብ ወለዱ ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ቤቱ ገባ» አሉ መሪጌታ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ወልደ ኪዳን ሊናገር አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ይማም መጽሐፉን ገልጦ አነበበላቸው። ልጁ የእናቱን ቤት ጭስ እያየ ገደሉ አፋፍ ላይ ይወድቃል። መጽሐፉ እዚያ ያልቃል።

ወይዘሮ ይርጋነሽ «ውሸት ነው» አሉ በቀስታ። «እሱ እንዲህ አላነበበልንም።»

«እውነትዎን ነው። መጽሐፉን አጥፎ በቃሉ ነው የነገራችሁ። ከየት አመጣው? ድሮ ከሰማው። ታሪኩን የጻፈው ልጅ አንድ ጊዜ አንብቦለታል፤ እሱ ደግሞ የሰማውን አይጥልም። በሩን እንዳትወረውሪው ብሎ የወጣው ልጅ ማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ እትዬ።»

አሮጊቷ ወንበሩን ያዙ።

«በቢቸና ልጁ ወደቀ ብሎ የሚነግር ሰው አልነበረም» ብሎ ይማም ወደ ወልደ ኪዳን ዞረ። «ሁሉም የሰማው ቤቱ መግባቱን ነው። መጽሐፉን ያላየ፣ ከሌላ ሰው የሰማ፣ መውደቁን ከየት ያውቃል? እርስዎ ግን ያውቁታል። መውደቁን የጻፉት እርስዎ ነዎት። የእርስዎ የሆነውም ያ የመጨረሻ ገጽ ብቻ ነው፤ ሌላው የውበቴ ነው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ላሳትመው ነበር?» አለ ወልደ ኪዳን፤ ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው። «በፀረ አብዮተኛ ስም? ሲይዙት ጽሑፉን እኔ ዘንድ አስቀምጦ ነበር። ባቃጥለው ይሻል ነበር? እኔ አኖርኩት።»

«አካለ ወልድስ?»

«ጽሑፉ እኔ ዘንድ እንደቀረ ያውቅ ነበር። ንባቡን ጨርሶ ቤቴ መጣ። ‹ነገ አስተያየቴን ስሰጥ የውበቴን ስም እጠራለሁ› አለኝ። ለመንኩት። ምሽት ላይ ደግሜ ልለምነው ብሄድ ማንደጃውን አቀጣጥሎ ተኝቷል።» እጆቹን አየ። «አልነካሁትም እኮ። መስኮቱን ብቻ ነው የዘጋሁት።»

አሥር አለቃው ይዞት ወጣ። ኋላ መሪጌታ «አዲስ አበባ የሚሄደው አስተያየትስ?» ብለው ጠየቁ። «የዚያን ልጅ ስም ጠርተን ብንልክ ይቀበሉናል? እኛንስ ይተዉናል?»

ይማም ሊዋሻቸው አልፈለገም። «እሱን እንጃ የኔታ።»

«ይጻፍ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። «የሚፈራ አይፈርም፤ እኔ አውራ ጣቴ አለኝ። ‹መጽሐፉ የልጄ የውበቴ ነው፤ ያማረ ነው። መጨረሻው ግን የሌላ ሰው ነው› በሉልኝ።»

መሪጌታ ቃሉን አወረዱ፤ ይማም ራሱ ጻፈው። አሮጊቷ ጣታቸውን አሳረፉ። መሪጌታም በዳበሳ አጠገባቸው ፈረሙ።

ሲመሽ ይማም ቤታቸው አደረሳቸው። ዝናቡ አባርቷል። በሩን ገፋ አድርገው ገቡ፤ ከውስጥ መወርወሪያውን ሲያነሱት ሰማ። ቢጠብቅም ሲወረወር አልሰማም። ከዚያ እንጨቱ ግድግዳው ላይ ተመልሶ ሲደገፍ ሰማ።